ሕጉን አንብበውታል፣ ቤቱን ግን አያውቁትም
(ስለ ካውንስል የሕፃናት ጥበቃ ጠበቆች ሥልጠና የቀረበ ትችት)

ከሰቨን ሲስተርስ፣ ለንደን

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። እኛ የለንደን ሐበሾች ግን ስለ «ሶሻሎቹ» ስናወራ ነገሩን ከሥሩ ይዘነው አናውቅም። «ሶሻሎቹ ልጅ ይቀማሉ»፣ «ሶሻሎቹ ትዳር ያፈርሳሉ»፣ «ልጅህን ከተቆጣኸው ሶሻሎቹ ደጅህ ላይ ናቸው» እንባባላለን። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በልቅሶ ቤት፣ በቡና ላይ ወሬው ይኸው ነው። የሚገርመው በዚህ ሁሉ ሐሜት ውስጥ አንድ ሰው ተነሥቶ አያውቅም። እሱም የካውንስሉ ጠበቃ ነው።

በዚህ አገር ሶሻል ወርከር በራሱ ሥልጣን ልጅን ከእናቱ እቅፍ ነጥቆ መሄድ አይችልም። ፖሊስ አደጋ ላይ ነው ያለውን ልጅ እስከ 72 ሰዓት ሊያቆይ ይችላል። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ወይ የወላጅ ፈቃድ ነው፣ ወይ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። ሶሻል ወርከሩ ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት ደግሞ ፋይሉን ይዞ ወደ ካውንስሉ የሕግ ክፍል ይገባል። እዚያ ያለው ጠበቃ «በያዝከው ማስረጃ ያስኬድሃል» ወይም «አያስኬድህም» ይለዋል። የብዙ ልጅ ዕጣ የሚቆረጠው በዚያች ስብሰባ ላይ ነው። ዳኛ እዚያ የለም። ወላጅ የለም። ልጁም የለም።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ አጭር ነው፤ ያን ጠበቃ ምን አስተምረው ነው እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጡት? እኔ እንደማየው ሕጉን አስተምረውታል፤ ጠንክሮ መጠየቅን ግን በቅጡ አላስተማሩትም፤ ሕጉ የሚያርፍበትን ቤት ደግሞ ጨርሶ አላሳዩትም። በዚህም ምክንያት በሁለቱም በኩል ይስታል። አንዳንዴ መሞት የማይገባው ልጅ ይሞታል፣ አንዳንዴ መፍረስ የማይገባው ቤት ይፈርሳል። ይህን በባዶ ሜዳ አልናገርም፤ ማስረጃው ከምንኖርበት ሰፈር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የሕጉ ደፍ

የእንግሊዝ የሕፃናት ሕግ የወጣው በ1989 ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው በኦክቶበር 1991። በውስጡ ሦስት አንቀጾችን ያወቀ ወላጅ ብዙ ያውቃል። አንቀጽ 47 ካውንስሉ አንድ ልጅ ከባድ ጉዳት ደርሶበታል ወይም ሊደርስበት ይችላል ብሎ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ሲኖረው እንዲያጣራ ያስገድደዋል። አንቀጽ 20 ልጁ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በካውንስሉ ዘንድ እንዲቆይ የሚደረግበት ነው። አንቀጽ 31 ደግሞ ዋናው ነው፤ ፍርድ ቤት ልጁን ለካውንስሉ የሚሰጠው ልጁ ከባድ ጉዳት እንደደረሰበት ወይም ሊደርስበት እንደሚችል፣ ይህም ከወላጅ ሊጠበቅ ከሚገባው አያያዝ በታች ከሆነ አያያዝ የመጣ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። የሕግ ሰዎቹ ይህን «ትሬሽሆልድ» ይሉታል። በእኛ አነጋገር ደፍ ማለት ነው። መንግሥት ያን ደፍ ካልተሻገረ ከቤትህ አይገባም።

የካውንስሉ ጠበቃ የዚያ ደፍ ጠባቂ ነው። ባልተጣራ ነገር ሲሻገሩት «ቆሙ» ማለት አለበት። ልጅ እየተሠቃየ ሲያመነቱ ደግሞ «ምን ትጠብቃላችሁ?» ማለት አለበት። ሁለቱንም ለማለት ከሕጉ ጽሑፍ ሌላ የሚያስፈልግ ነገር አለ።

በደጃችን የሆነው

ሰቨን ሲስተርስና ቶተንሃም በሃሪንጌይ ካውንስል ሥር ናቸው። የሃሪንጌይ ስም ሲነሣ በመላው እንግሊዝ የሁለት ልጆች ስም አብሮ ይነሣል።

የመጀመሪያዋ ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ ናት። ተወልዳ ያደገችው በአይቮሪ ኮስት ነው። ወላጆቿ ተምራ ሰው ትሆናለች ብለው ለዘመድ ሰጧት፤ ዘመዲቱ የአባቷ አክስት ነበረች። በፈረንሳይ አድርገው በ1999 ለንደን ገቡ። ዘመዲቱ «እናቷ ነኝ» አለች፤ ልጅቱም በሌላ ልጅ ስም «አና» ተብላ ተጠራች። በቶተንሃም በአንዲት ትንሽ ቤት ውስጥ አክስቲቱና ጓደኛዋ አሠቃይተዋት በፌብሩዋሪ 25 ቀን 2000 ሞተች። 8 ዓመቷ ነበር። በሰውነቷ ላይ 128 ጉዳት ተቆጠረ። ሁለቱም በ2001 በነፍስ ግድያ ተፈርዶባቸዋል። ጉዳዩን የመረመሩት ሎርድ ላሚንግ በጃንዋሪ 2003 ባወጡት ሪፖርት ልጅቱን ለማዳን ቢያንስ 12 ዕድል እንደነበረና ሁሉም እንዳመለጠ ተናገሩ፤ 108 ምክረ ሐሳብም አቀረቡ።

ከ108ቱ መካከል ሁለቱን ልብ በሉልኝ። አንዱ፣ ልጁ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ካልሆነ አስተርጓሚ የግድ ይቅረብ ይላል። ቪክቶሪያ የምትናገረው ፈረንሳይኛ ነበርና። ሌላው፣ በልጅ ላይ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጉዳት ተጠርጥሮ አስቸኳይ እርምጃ ከመወሰዱ በፊት የሕግ ምክር ይጠየቅ፣ ካውንስሎችም ይህን ምክር ቀን ከሌሊት ያዘጋጁ ይላል። ጠበቃው ወደ ሕፃናት ጥበቃ ማዕድ በክብር የተጠራው እንግዲህ ያኔ ነው። ጥሩ ነው። ግን የተጠራው ጠበቃ ምን ያውቃል ብሎ የጠየቀ ብዙ ሰው አልነበረም።

መልሱ የመጣው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በዚያው ካውንስል ነው። ጋዜጦች በመጀመሪያ «ቤቢ ፒ» ያሉት ፒተር ኮኔሊ በ17 ወሩ ኦገስት 3 ቀን 2007 ሞተ። በገላው ላይ ከ50 በላይ ጉዳት ነበር። በስምንት ወር ጊዜ ውስጥ ባለሙያዎች 60 ያህል ጊዜ አይተውታል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ጁላይ 25 ቀን 2007 የሆነውን ነው። በዚያ ቀን ሶሻል ወርከሮቹ ከካውንስሉ የሕግ ክፍል ጋር ተቀመጡ። የተሰጣቸው ምክር «በዚህ ማስረጃ ደፉ አልታለፈም፣ ለክስ አይበቃም» የሚል ነበር። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ልጁ አልነበረም።

ላሚንግ እንዳሉት የሕግ ምክር ተጠይቋል፤ ጠበቃም ነበረ። ምክሩ ግን ልጁን አላዳነውም። ሕዝቡ ቁጣውን በሶሻል ወርከሮቹና በሐኪሟ ላይ አወረደ። የሕፃናት አገልግሎት ኃላፊዋ ሻሮን ሹስሚዝ በ2008 በሚኒስትሩ ትእዛዝ ከቦታቸው ተነሡ፤ አነሣሣቸው ሕገ ወጥ ነበር ብሎ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2011 ወሰነላቸው። ያን የጁላይ 25 ስብሰባ ግን የአደባባይ መወያያ ያደረገው ጥቂት ሰው ነው። ጠበቃው ምን ጠየቀ? ምን ሳይጠይቅ ቀረ? የሐኪም ወረቀት ሁሉ ፊቱ ነበር ወይ? ይህን የማይጠይቅ ሥልጠና ምን ሊያስተምር ነው?

ያንኑ ወር፣ ድንበር ተሻግሮ

አሁን ወደ ሌላው ገጽ እንሂድ። ከሰቨን ሲስተርስ ጥቂት ወደ ደቡብ ቢራመዱ ሐክኒ ካውንስል ይጀምራል። ሃሪንጌይ «አይበቃም» ባለበት በዚያው ጁላይ 2007፣ ሐክኒ ውስጥ አንድ ልጅ ሱቅ ሲሰርቅ ተይዞ «አባቴ በቀበቶ መታኝ» ይላል። ፖሊስ ቤቱን ካየ በኋላ ስምንቱንም የቤቱን ልጆች ወሰዳቸው። 72ቱ ሰዓት ሳያበቃ ካውንስሉ ለወላጆቹ የስምምነት ወረቀት አቀረበ፤ ፈረሙ። ልጆቻቸውን በማንኛውም ሰዓት መልሱልን የማለት መብት እንዳላቸው ግን በትክክል አልተነገራቸውም። ልጆቹ ወደ ቤት የተመለሱት ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ነው።

ወላጆቹ ካሳ ጠይቀው ለዓመታት ተከራከሩ። በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ በሌዲ ሔል የተጻፈ ፍርድ፣ በመጨረሻ ረታቸው። አንዱ ምክንያት «ልጆቻችንን አሁኑኑ መልሱ» የሚል ግልጽና የማያሻማ ጥያቄ ወላጆቹ አላቀረቡም የሚል ነው። ያው ፍርድ ግን በአንቀጽ 20 ልጁ የቆየበት ወላጅ ሲፈልግ ሊወስደው እንደሚችል፣ ካውንስሉም ይህን አጥርቶ መንገር እንዳለበት አስረግጦ ተናገረ። ይህን ያነበበ ሐበሻ ወላጅ ሊደነግጥ ይገባል። እኛ በባለሥልጣን ፊት አንገታችንን ደፍተን «እሺ፣ እንደፈቀዳችሁ» የምንል ሰዎች ነን። ይሉኝታችን በዚህ አገር ሕግ ፊት ፈቃድ ተብሎ ሊተረጎም ይችላል።

ሃሪንጌይም ቢሆን ከፒተር በኋላ የተማረው ትምህርት ሁሌ ትክክለኛው አልነበረም። በ2013 ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ማንነቱ ካልታወቀ ሰው በመጣ ጥቆማ ተነሥቶ በአንድ ቤተሰብ ላይ የከፈተው የአንቀጽ 47 ምርመራ ሕጉን ያልተከተለ ነበር ብሎ ፈርዶበታል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። በመላው እንግሊዝም ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ፣ የፒተር ወሬ ከተሰማ በኋላ፣ ካውንስሎች ለፍርድ ቤት የሚያቀርቡት ማመልከቻ አሻቅቧል። አንድ ደፍ፣ አንድ ሕግ፤ ትናንት «አይበቃም» የተባለው ዛሬ «ይበቃል» የሚባለው በሕጉ ለውጥ ሳይሆን በጋዜጣ ድንጋጤ ከሆነ፣ ጠበቆቹ ሚዛን አልያዙም ማለት ነው። ሚዛን መያዝ ደግሞ በሥልጠና የሚመጣ ነገር ነው።

ሥልጠናው ምን ይመስላል?

በእንግሊዝና በዌልስ ሶሊሲተር ለመሆን ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ የሚሰጠው አዲሱ የብቃት ፈተና የውል ሕግ፣ የንብረት ሕግ፣ የኩባንያ ሕግ፣ የኑዛዜ፣ የወንጀል፣ የደንበኛ ገንዘብ ሒሳብ አያያዝ ሳይቀር ይጠይቃል። የቤተሰብ ሕግ ግን በመጀመሪያው ክፍል የትምህርት ዝርዝር ውስጥ የለም። ከዚያ በፊት በነበረው ሥርዓትም ቢሆን ተማሪው ወድዶ ካልመረጠው ሳይነካው ሊያልፍ ይችል ነበር። ስለዚህ ስለ ቤት ሽያጭ በቂ እውቀት ያለው ወጣት፣ ስለ ልጅ ጉዳት አንዲት ጥያቄ ሳይመልስ ጠበቃ ተብሎ ሊሾም ይችላል።

ከተሾመ በኋላስ? እስከ 2016 ድረስ እያንዳንዱ ሶሊሲተር በዓመት 16 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት የመውሰድ ግዴታ ነበረበት። ከኖቬምበር 2016 ወዲህ ያ የሰዓት ግዴታ ቀርቶ «የጎደለህን ራስህ አስበህ ሙላ» ሆኗል። ራሱን የሚመረምር ሰው ይጠቀምበታል፤ 40 ፋይል ጠረጴዛው ላይ የተቆለለበት ሰው ግን መቼ ሊያስብ ነው? የጠበቆች ማኅበሩ የሕፃናት ሕግ ልዩ ማረጋገጫ ያዘጋጃል፤ የካውንስል ጠበቆችም ሊያገኙት ይችላሉ። ያለ እሱ የካውንስል ጠበቃ ሆኖ መሥራት ግን አይከለከልም።

ገበያ ላይ ያለው ሥልጠና ደግሞ ባብዛኛው የአንድ ቀን ኮርስ ነው። ጠዋት የቅርብ ጊዜ ፍርዶች ይዘረዘራሉ። ከሰዓት በኋላ የሰነድ አጻጻፍና የጊዜ ገደብ ነው፤ በ2014 የወጣው ሕግ ጉዳዩ በ26 ሳምንት ይለቅ ስላለ የሁሉም ጭንቀት ቀን መቁጠር ሆኗል። ይህ አያስፈልግም አልልም። በ2015 የቤተሰብ ፍርድ ቤቶች ፕሬዚዳንት የነበሩት ሰር ጄምስ መንቢ አንድ ካውንስል በወሬና በግምት ላይ ተመሥርቶ ልጅን ለጉዲፈቻ ሊሰጥ ሲል ክፉኛ ገሥጸውታል፤ ክስ ያቀረበ ነገሩን በማስረጃ ያረጋግጥ፣ ያ ነገርም ለምን ከባድ ጉዳት እንደሚባል ያስረዳ ብለዋል። እንዲህ ያለውን ፍርድ ጠበቃ ማወቅ አለበት። ነገር ግን ፍርዱን ማወቅና በፍርዱ መሥራት ለየቅል ናቸው። አንድ ሰው ስለ ዋና መጽሐፍ አንብቦ ዓባይን አይሻገርም።

በድሮ ጊዜ የአገራችን ሰው በአደባባይ «በላ ልበልሃ» እያለ ሲሟገት፣ የነገር አዋቂነቱ የሚለካው በጥያቄው ነበር። ተጠያቂው የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ሁሉ በጥያቄ ይዘጋበታል። የካውንስሉ ጠበቃ የሚያስፈልገው ይኸው ጥበብ ነው። ግን በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ወላጁን ሳይሆን የራሱን ሶሻል ወርከር ነው። «ይህን ማን አየ? መቼ? በምን ቋንቋ ተነገረ? ማን ተረጎመው? ሐኪሙ የጻፈው የታለ? ልጁን ብቻውን አናገራችሁት ወይ?» የጁላይ 25ቱ ዓይነት ስብሰባ ላይ ይህን የሚጠይቅ ጠበቃ ሁለቱንም ስሕተት ይከላከላል። ይህ ደግሞ የሚለመደው ሶሻል ወርከርና ጠበቃ አብረው ቁጭ ብለው በእውነተኛ ፋይል ሲለማመዱ እንጂ ለየብቻ የኮምፒውተር መስኮት ሲመለከቱ አይደለም።

ቤቱን ስለማወቅ

እኔ በአስተርጓሚነት አንዳንድ ስብሰባዎች ላይ ተቀምጫለሁ። የቤተሰብ ጉዳይ በምስጢር የሚያዝ ነውና የማንንም ታሪክ አላወጣም፤ የካውንስልም ስም አልጠራም። የማነሣው ቃላትን ብቻ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ በሚከሰስበት ፋይል ውስጥ ምን ዓይነት ወጥመድ እንዳለ ይታይልኝ።

መጀመሪያ ሰዓት። አንዲት እናት «ልጄን ማታ በሁለት ሰዓት ሱቅ ላክሁት» አለች እንበል። በእኛ ሰዓት ገና መምሸቱ ነው። በቀጥታ ከተጻፈ ግን ልጁ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት ላይ፣ ብቻውን መንገድ ላይ ነበር ማለት ይሆናል። ይህ በክስ ወረቀት ላይ አንድ ራሱን የቻለ ነጥብ ሆኖ ይቀመጣል።

ቀጥሎ ዓመተ ምሕረት። ብቻውን የመጣ ስደተኛ ልጅ «በጥር 2001 ተወለድሁ» ቢል፣ ዓ.ም. መሆኑን ያልጠየቀ ሰው በጃንዋሪ 2025 ላይ 24 ዓመት ነው ይለዋል። እውነቱ 16 ነው። ካውንስሉ ዕድሜውን የሚገመግመው ልጅ ነው ወይስ አዋቂ የሚለውን ለመወሰን ነውና፣ በአንድ ያልተጠየቀ ጥያቄ ልጁ ከሕፃናት ጥበቃ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ከአዋቂ ወንዶች ጋር አንድ ክፍል ያድራል።

ከዚያ ስም። በእኛ ቤት እናት በአባቷ ስም፣ አባት በአባቱ ስም፣ ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት «የቤተሰብ ስም» ሲያይ «የማን ልጅ ነው?» ብሎ የሚጠራጠር አለ። ጥርጣሬው ባይከፋም መልሱን በአንድ ደቂቃ ማግኘት ሲቻል ፋይል ውስጥ እንደ ጥላ ይቀመጣል።

ከዚያም አነጋገር። «እኔ ልሙት» መሐላ ነው። «ልሙትልህ» ፍቅር ነው። «ዛሬ እገድልሃለሁ» ብላ የጮኸች እናት ሁሉ ነፍሰ ገዳይ አይደለችም። እነዚህ ቃል በቃል ሲተረጎሙ እናቲቱ ራሷን ልታጠፋ የምታስብ፣ ልጇን በግድያ የምታስፈራራ ሴት ሆና ትወጣለች። ደህና አስተርጓሚ ይህን ያስረዳል፤ ደህና ጠበቃ ደግሞ አስተርጓሚው እንዲያስረዳ ይጠይቃል።

ከሁሉም የምፈራው ግን «አክስት» የምትለዋን ቃል ነው። እኛ የእናትን የአጎት ልጅም፣ የአባትን አክስትም፣ የእናትን ጓደኛም «አክስቴ» እንላለን። በእንግሊዝ ሕግ የወላጅ እኅት የሆነች አክስት የቅርብ ዘመድ ናት። የወላጅ አክስት ወይም የወላጅ የአጎት ልጅ ግን ከቅርብ ዘመድ አትቆጠርም፤ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ 28 ቀንና ከዚያ በላይ እሷ ዘንድ የሚቆይ ከሆነ ለካውንስሉ መነገር አለበት፣ ካውንስሉም ሄዶ ማየት አለበት። «አክስቱ ጋ ነው» የሚል ቃል ሲተረጎም «የትኛዋ አክስት?» ብሎ ያልጠየቀ ጠበቃ ይህን ሁሉ ጥበቃ በአንድ ቃል ያስቀራል። ቪክቶሪያ የሞተችው በአባቷ አክስት እጅ መሆኑን አትርሱ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰር ጄምስ መንቢ በ2014 በሰጡት ፍርድ የውጭ ዜጋ የሆኑ ወላጆችና ልጆች ከአገራቸው ቆንስላ ጋር መገናኘታቸውን ፍርድ ቤት እንዳያደናቅፍ፣ እንደ ሁኔታውም ቆንስላው እንዲያውቅ መክረዋል። ለስሎቫኪያ ሰው ይህ ጥቅም ነው። ከገዛ መንግሥቱ ሸሽቶ ጥገኝነት ለጠየቀ ሰው ግን ኤምባሲ መንገር አደጋ ሊሆን ይችላል። ሥልጠናው ደንቡን ሲያስተምር ደንቡ ለማን እንደማይበጅ አብሮ ካላስተማረ፣ መልካም ያሰበ ጠበቃ ስደተኛውን አሳልፎ ሊሰጠው ነው።

ባህል ጋሻ አይሁን

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ «እሰይ፣ ባህላችንን ይወቁልን!» ብሎ ሊያጨበጭብ ይችላል። ቆይ ወንድሜ። ባህል የሚለው ቃል ሁለት ስለት አለው። ቪክቶሪያ በአክስቷ ፊት እንደ ወታደር ቀጥ ብላ ትቆም ነበር። ሶሻል ወርከሯ ያን እንደ አፍሮ ካሪቢያን ቤተሰብ አክብሮት ቆጥራው አለፈች። ፍርሃት ነበር። ልጅቱን «ባህላቸው ነው» የሚል አጉል መከባበር ጭምር ነው የገደላት።

ስለዚህ እኛም እውነቱን እንናገር። ልጅን በርበሬ ማጠን ባህል አይደለም፣ ሥቃይ ነው። በኤሌክትሪክ ገመድ መግረፍ ሥቃይ ነው። ሴት ልጅን ለግርዛት ወደ አገር ቤት መላክ ወንጀል ነው፤ ከጁላይ 2015 ጀምሮ ፍርድ ቤት ይህን የሚያግድ ልዩ ትእዛዝ ይሰጣል። የታመመን ልጅ «ጋኔን ነው» ብሎ ምግብና መድኃኒት ከልክሎ ጠበል ብቻ ማለት ልጁን ለሞት መስጠት ነው። የገዛ አገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በሚያድጉባቸው ተቋማት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ ናቸው ይላል፤ የልጅ ጥቅም ይቅደም ይላል። ይህ የፈረንጅ ፈጠራ አይደለም።

በሌላ በኩል «እንግሊዝ አገር ልጅ መንካት ወንጀል ነው፣ ወዲያው ይወስዱታል» የሚለው ወሬም ትክክል አይደለም። ስኮትላንድ በ2020፣ ዌልስ በ2022 ልጅ መምታትን ፈጽመው ከልክለዋል። በእንግሊዝ ግን «ምክንያታዊ ቅጣት» የሚለው መከላከያ ከ2004ቱ ሕግ በኋላ ቢጠብም አልጠፋም። ለልጁ የማይበጅ ሕግ ነው ባይ ነኝ። ቢሆንም በወሬ ከሚፈራ ወላጅ ሕጉን የሚያውቅ ወላጅ ይሻላል። የሚፈራ ወላጅ ልጁ ቢጎዳ እንኳ ሐኪም ቤት አይወስደውም፤ የዚህም ዋጋ የሚከፈለው በልጁ ገላ ነው።

የሰለጠነ ጠበቃ ማለት እንግዲህ እነዚህን የሚለይ ነው። «ልሙትልህ» ከሚለው ቃል የማይደነግጥ፣ ከበርበሬ ጢስ ግን የሚደነግጥ። ሁለቱንም በአንድ «ባህል» በሚባል ከረጢት የሚከት ጠበቃ አንዱን ቤት በከንቱ ያፈርሳል፣ ሌላውን ልጅ በከንቱ ያስገድላል።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ በሕፃናት ጥበቃ ላይ የሚመክር የካውንስል ጠበቃ ሁሉ የሕፃናት ሕግ ልዩ ማረጋገጫ እንዲኖረው ግዴታ ይሁን። ቤት የሚሸጥ ጠበቃና ልጅ የሚያስወስድ ጠበቃ እኩል ፈቃድ ይዘው መቀመጣቸው ያስገርማል።

ሁለተኛ፣ ሥልጠናው ከሶሻል ወርከሮች ጋር በጋራ ይሰጥ። የጁላይ 25 ቀን 2007ቱ ስብሰባና የሐክኒው ስምምነት ጎን ለጎን ይነበቡ። በአንድ ወር፣ በሁለት ጎረቤት ካውንስሎች፣ በአንድ ሕግ ሥር እንዴት ሁለት ተቃራኒ ስሕተት እንደተሠራ ካልተማሩበት ከምን ሊማሩ ነው?

ሦስተኛ፣ የአስተርጓሚ አጠቃቀም እንደ ዋና ትምህርት ይሰጥ። ሰዓትና ዓመተ ምሕረት፣ ስምና ዝምድና መጠየቅ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ይህን የሚያስተምሩ ሰዎች ከየማኅበረሰቡ ይጠሩ። ሕጉ ራሱ ካውንስሉ የልጁን ሃይማኖት፣ ዘር፣ ባህልና ቋንቋ ከግምት እንዲያስገባ ያዛል፤ የማያውቀውን ነገር እንዴት አድርጎ ከግምት ያስገባል?

አራተኛው የእኛ ነው። በዚህ ከተማ ተምረው ሕግ የጨረሱ ልጆች አሉን። ሁሉም የኢሚግሬሽን ጠበቃ ካልሆንሁ ይላል። ጥቂቶቹ የካውንስሉን ወንበር ይያዙት። አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶች፣ ዕድሮች በዓመት አንድ ቀን ሰጥተው የሕፃናት ሕግ ያስተምሩ። ካውንስሉ ክስ ሊጀምር መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ የደረሰው ወላጅ፣ ሀብታምም ይሁን ደሃ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ነፃ ጠበቃ የማግኘት መብት እንዳለው ስንቶቻችን እናውቃለን? ያን ደብዳቤ ፍራሽ ሥር የሚሸሽግ ስንት አለ? «ይሁን» ብሎ ከመፈረም በፊት «ጠበቃዬን ላማክር» ማለት ነውር አይደለም። ልጅህን መልስልኝ ማለትም ነውር አይደለም። የጎረቤት ልጅ ሌሊት ሲያለቅስ እየሰሙ «የሰው ቤት ነው» ብሎ ዝም ማለት ግን ነውር ነው።

ሐሜት ቀላል ነው፤ ሕጉን ከሥሩ መያዝ ይከብዳል። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ቀጣዩ ሪፖርት ሌላ 108 ምክር ይዞ ከመምጣቱ በፊት የሚጠየቀው ይጠየቅ። በካውንስል ምርጫ ድምፅ የምንሰጥ ሰዎች ነን። በር እያንኳኳ ድምፃችንን ለሚለምን ዕጩ «የሕፃናት ጠበቆቻችሁን ማን ያሠለጥናቸዋል?» የሚለውን ጥያቄ ከቆሻሻ መኪናውና ከመኪና ማቆሚያው ጥያቄ ጋር እንጨምርለት። መልስ ከሌለው፣ እሱም አንድ መልስ ነው።

ቸር ያሰማን።